የተገፈፈው የነርቭ ልባስ ሲጠገን እንዴት ይታያል?

የመንዝንና የግሼን ደጋ የሚያውቅ ሰው ብርዱን ያውቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጓሳ ሜዳ ላይ የሚነፍሰው የማለዳ ነፋስ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የአካባቢው ሰው ለዚህ ብርድ መላ ያገኘው ከራሱ በግ ነው፤ ጸጉሩን ሸልቶ፣ ፈትሎና ሸምኖ በርኖስና ባና ይሠራል። በርኖሱ ሲቀደድ ባለቤቱ ይበርደዋል። ቀዳዳውን ማየትና መጣፍ ግን አያስቸግርም።

በሰው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሚገኙ ነርቮችም ልባስ አላቸው። ይህ ልባስ ሲገፈፍ ሰው ማየት፣ መራመድ፣ ዕቃ መጨበጥ ያቅተዋል። የዚህ ቀዳዳ ችግር ግን በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው፤ ተጠግኖ እንደሆነ ማወቅማ ከዚያ የበለጠ ይከብዳል። በዚህ ጽሑፍ የነርቭ ልባስ ምን እንደሆነ፣ ሰውነት ራሱ ልባሱን ሲያጠቃ ምን እንደሚከተል፣ ጥገናውንም በአንጎል ምስል ለመከታተል ሳይንስ ምን ያህል እንደተራመደ እንመለከታለን። በመጨረሻም ይህ ዕውቀት በሰሜን ሸዋ ደጋ ለሚኖር ሕመምተኛ ምን ትርጉም እንዳለው እናያለን።

ልባሱ ምንድን ነው?

በበዓል ቀን የታረደ በግ ጭንቅላት ሲከፈት ያየ ሰው የአንጎሉ ውጫዊ ክፍል ግራጫማ፣ ውስጡ ግን ነጭ መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። የሰው አንጎልም እንዲሁ ነው። በግራጫው ክፍል የነርቭ ሕዋሳት አካል ይገኛል። በነጩ ክፍል ደግሞ ከእነዚህ ሕዋሳት የሚወጡ፣ አክሶን የሚባሉ ረጃጅም ክሮች ያልፋሉ። ለዚህ ክፍል ነጭ መልኩን የሚሰጠው ማይሊን የተባለው ስብ የበዛበት ልባስ ነው። ውኃው ተለይቶ ቢመዘን ከማይሊን ክብደት ከ100 እጅ 70 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ስብ ሲሆን፣ የቀረው ፕሮቲን ነው። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1854 ነበር።

በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ልባሱን የሚሠሩት ኦሊጎዴንድሮሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ ክንዶቹን ዘርግቶ በዙሪያው ያሉ በርካታ አክሶኖችን ይይዛል፤ ክንዱንም በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ክር ደጋግሞ ይጠመጥምባቸዋል። ይሁን እንጂ ልባሱ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ አይደለም። በየመካከሉ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ እነዚህም በፈረንሳዊው ተመራማሪ በሉዊ ራንቪዬ ስም የራንቪዬ አንጓዎች ይባላሉ። የኤሌክትሪክ መልእክቱ በክሩ ላይ እየተንፏቀቀ ሳይሆን ከአንጓ ወደ አንጓ እየዘለለ ይጓዛል።

የዚህን ጥቅም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ልባስ የሌለው ቀጭን ነርቭ መልእክትን በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ያስተላልፋል። ወፍራምና በሚገባ የለበሰ ነርቭ ግን በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ሊያደርስ ይችላል። የመልእክቱ መንገድ 1 ሜትር ነው ብንል፣ በሰከንድ 100 ሜትር የሚጓዘው መልእክት በ10 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዘው ግን ሙሉ 1 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከመንዝ አፋፍ ወደ ቆላ ቁልቁል የሚወርድ ሰው እግሩ ድንጋይ ሲስት ሳይወድቅ ሚዛኑን የሚጠብቀው በዚህ የፍጥነት ልዩነት ነው።

ልባሱ ሲገፈፍ

የሰውነት መከላከያ ኃይል ተግባሩ ከውጭ የሚገቡ ተሕዋስያንን መዋጋት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የራሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃል። ይህ ጥቃት በማይሊን ላይ ሲያተኩር ከሚከሰቱት ሕመሞች ዋነኛው መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን በዝርዝር አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ግምት መሠረት በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል።

ምልክቶቹ ልባሱ በተገፈፈበት ቦታ ይወሰናሉ። የዓይን ነርቭ ከተነካ አንድ ዓይን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደበዝዛል፣ ሲንቀሳቀስም ያምማል። ኅብለ ሰረሰር ከተነካ እግር ይደነዝዛል ወይም ይዝላል። አንገት ወደ ፊት ሲጎነበስ በጀርባ በኩል ኤሌክትሪክ የመሰለ ንዝረት የሚሰማቸውም አሉ። ሙቀት ደግሞ ምልክቱን ያብሳል፤ ልባሱ የሳሳ ነርቭ የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ያህል ሲጨምር እንኳ መልእክት ማስተላለፍ ሊያቅተው ይችላልና። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡህትሆፍ ይህን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። በደጋ ሲኖር ደኅና የሚያይ ሰው ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ በጠራራ ፀሐይ ሲጓዝ እይታው ቢደበዝዝ፣ ጥላ ሥር ሲያርፍም ቢመለስለት፣ ይህ ለሐኪም ሊነገር የሚገባው ምልክት ነው።

ልባስ የሚገፍፍ ሕመም የሰው ብቻ አይደለም። በአይስላንድ በጎች ላይ ቪስና የተባለ ሕመም የኋላ እግራቸውን እያዛለ ይገድላቸው ነበር። ቢዮርን ሲጉርድሶን የተባለው ተመራማሪ ይህን ሕመም አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1954 ቀስ ብለው ስለሚያጠቁ የቫይረስ ሕመሞች ያቀረበው ሐሳብ ለሰው ነርቭ ምርምርም በር ከፍቷል። ቫይረሱ ሳንባንም ስለሚያጠቃ ማዕዲ ቪስና በሚል ጥምር ስም ይጠራል። በኢትዮጵያ ደጋ በጎች ላይ መኖሩም እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ወደ ሰው አይተላለፍም። በግ አርቢው የበጉን ሕመም ከአረማመዱ እንደሚለይ ሁሉ፣ በሰውም ላይ የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚታየው በአረማመድ ነው።

ሰውነት የራሱን ልባስ ማጥቃት ብቻ ሳይሆን መጠገንም ይችላል። ቡንጅ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 በድመት ኅብለ ሰረሰር ላይ ባደረጉት ጥናት የተገፈፉ አክሶኖች እንደገና ማይሊን እንደሚለብሱ አሳዩ። ይህን የሚያከናውኑት በአንጎል ውስጥ ተጠባባቂ ሆነው የሚቆዩ ገና ያልበሰሉ ሕዋሳት ናቸው። አዲሱ ልባስ ከቀድሞው የሳሳ ቢሆንም ይሠራል። ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ጥገናው የሚሳካው አክሶኑ በሕይወት ሳለ ብቻ ነው። ያለ ልባስ የቆየ አክሶን ጉልበቱን እያባከነ ቀስ በቀስ ይሞታል። ከሞተ በኋላ የሚለብስ ነገር የለም። የመጠገን ችሎታም ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል።

የተለመደው ምስል ምን ያሳያል? ምንስ ይሰውራል?

ኤምአርአይ የሚባለው መሣሪያ ሰውነታችን ውስጥ ያለውን የውኃ ሃይድሮጅን ያነባል። በስፋት የሚሠራበት የ1.5 ቴስላ መሣሪያ የማግኔት ኃይል በአገራችን ከሚለካው የምድር ማግኔት ኃይል 40 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። በዚህ ኃይል ውስጥ የሃይድሮጅን አስኳሎች ይሰለፋሉ። መሣሪያው 64 ሜጋኸርዝ ገደማ የሆነ የራዲዮ ሞገድ ሲልክባቸው ከሰልፋቸው ይዘነበላሉ፤ ሞገዱ ሲቋረጥም የራሳቸውን ደካማ ምልክት እየሰጡ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ምስሉ የሚሠራው ከዚህ ምልክት ነው። ኤክስሬይ ስለማይጠቀም በዚያ ረገድ የጨረር ሥጋት የለበትም።

ቲ2 በተባለው የምስል ዓይነት የልባስ መገፈፍ ያለበት ቦታ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ሐኪሙም የነጠብጣቦቹን ቁጥርና ቦታ አይቶ ሕመሙን ይለያል። ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር በደም ሥር ሲሰጥ ደግሞ አዲስ ብግነት ያለበት ቦታ ይደምቃል።

ይሁን እንጂ ነጩ ነጠብጣብ የሚናገረው በዚያ ቦታ ውኃ መብዛቱን ብቻ ነው። ውኃው የበዛው በብግነት፣ በልባስ መገፈፍ ወይም በአክሶን መሞት ሊሆን ይችላል። ልባሱ ከተጠገነ በኋላም ነጠብጣቡ ሊቆይ ይችላል። ጣሪያው ያፈሰሰ ቤት ግድግዳው ላይ የቀረውን የእርጥበት ምልክት አይቶ ጣሪያው ተከድኗል ወይስ አልተከደነም ብሎ መፍረድ እንደማይቻል ሁሉ፣ ከነጠብጣቡ ብቻ ጥገናን ማንበብ አይቻልም።

ልባሱን ራሱን ለማየት

ይህን ችግር ለመፍታት ተመራማሪዎች ሦስት መንገዶችን ሞክረዋል።

የመጀመሪያው በማይሊን ድርብርቦሽ መካከል የተያዘውን ውኃ መለካት ነው። ይህ ውኃ በጠባብ ቦታ ስለታሰረ ምልክቱ ቶሎ ይጠፋል፤ የመጥፊያ ጊዜው ከ10 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ነው። በሕዋሳት ውስጥና በመካከላቸው ያለው ውኃ የመጥፊያ ጊዜ ግን 80 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ለምሳሌ የማይሊን ውኃ መጥፊያ ጊዜ 15 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። ከ40 ሚሊሰከንድ በኋላ ከማይሊን ውኃ ምልክት ከ100 እጅ 7 ያህሉ ብቻ ይቀራል፤ ከሌላው ውኃ ግን ከ100 እጅ 60 ያህሉ ይገኛል። ምልክቱን በተከታታይ ጊዜያት በመለካት ሁለቱን ውኃዎች መለየት፣ የማይሊን ውኃ ድርሻ ስንት እንደሆነም ማስላት ይቻላል። አሌክስ ማኬይና ባልደረቦቹ በካናዳ፣ ቫንኩቨር ይህን ዘዴ በሰው አንጎል ላይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የማግኔት ዝውውር ይባላል። መሠረቱን የጣሉት ዎልፍና ባላባን እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በማይሊን ስብና ፕሮቲን ላይ የተጣበቁ የሃይድሮጅን አስኳሎች በቀጥታ አይታዩም። ነገር ግን እነርሱ ብቻ በሚቀበሉት የራዲዮ ሞገድ ሲነቁ፣ ውጤቱን በአጠገባቸው ላለው ውኃ ያስተላልፋሉ፤ በዚህም የውኃው ምልክት ይቀንሳል። ቅነሳው ትልቅ ከሆነ በቦታው ብዙ ማይሊን አለ ማለት ነው። በአንድ ነጠብጣብ ላይ ይህ መጠን ወርዶ ከወራት በኋላ ከፍ ካለ ጥገና መኖሩን ይጠቁማል። ይሁንና ብግነት ሲበርድም መጠኑ ስለሚለወጥ ፍርዱ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ፔት የሚባለው ምስል ሲሆን፣ ከማይሊን ጋር የሚጣበቅ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይጠቀማል። በፓሪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች ለአልዛይመር ሕመም ምርመራ የተሠራ ንጥረ ነገር ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት አንድ አስፈላጊ ነገር አሳዩ። በአንዳንድ ሕሙማን አንጎል ውስጥ የተገፈፈው ልባስ በወራት ውስጥ በብዛት ሲጠገን፣ በሌሎቹ ግን የሚጠገነው በጣም ጥቂት ነበር። በብዛት የሚጠገንላቸው ሰዎች የአካል ጉዳታቸው አነስ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ጥቃቱ ብቻ ሳይሆን የጥገናው ኃይልም የሰውን ዕጣ ይወስናል።

የፔት ችግር ግን በውስጡ ያለው ካርቦን 11 ግማሽ ዕድሜው 20 ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ተሠርቶ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወዳለችው ደብረ ብርሃን በመኪና ይጫን ቢባል፣ ጉዞው ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ስድስት ግማሽ ዕድሜዎች ያልፋሉ፤ የሚደርሰውም ከ64 አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ንጥረ ነገሩ ከሚሠራበት መሣሪያ አጠገብ ካልሆነ ምርመራው አይታሰብም።

ጥገናን በሚሊሰከንድ መለካት

ከምስል ውጭ ያለ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ አንድ ዘዴ አለ። ሕመምተኛው እንደ ዳማ ገበታ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ቀለሞቹም እየተፈራረቁ የሚለዋወጡበት ሰሌዳ ይመለከታል። በጭንቅላቱ ኋላ የተለጠፉ ኤሌክትሮዶች መልእክቱ ከዓይን ተነሥቶ የአንጎል የእይታ ክፍል የሚደርስበትን ጊዜ ይመዘግባሉ። በጤነኛ ሰው ይህ 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ልባሱ ሲገፈፍ ይዘገያል። ሃሊዴይ፣ ማክዶናልድና ሙሺን ይህን ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። መዘግየቱ ሲያጥር ልባሱ እየተመለሰ ስለመሆኑ ማስረጃ ይሆናል።

ይህ ዘዴ በመድኃኒት ፍለጋ ላይ ትልቅ ድርሻ አግኝቷል። ክሌማስቲን የተባለ ለአለርጂ የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት በሳን ፍራንሲስኮ በ50 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። መድኃኒቱ በሚወሰድበት ጊዜ መዘግየቱ በአንድ ዓይን በአማካይ በ1.7 ሚሊሰከንድ አጠረ። በጊዜው የኤምአርአይ ልኬቱ ለውጥ አላሳየም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን የእነዚያው ሕሙማን ምስሎች ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች በሚያገናኘው ነጭ ድልድይ ላይ ተተኩሮ በማይሊን ውኃ ዘዴ ሲመረመሩ፣ ነጠብጣብ ባልታየበት ክፍል ማይሊን መጨመሩ ተገለጸ።

ሌላው ቤክሳሮቲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ነው። በእንግሊዝና በስኮትላንድ በ52 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም፣ በማግኔት ዝውውር የተለካው ዋና ግብ እንዳልተሳካ፣ የእይታ መልእክቱ ግን እንደፈጠነ ታወቀ። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ለአገልግሎት የማያበቃው ሆነ።

ከእነዚህ ሙከራዎች የምናገኘው ትምህርት የልባስ ጥገና በመድኃኒት ሊታገዝ እንደሚችል፣ አንድ መለኪያ ብቻውን ግን እንደማይበቃ ነው። ጥንቃቄም ያሻል። ክሌማስቲን ሕመሙ እየከፋ በሚሄድባቸው ሰዎች ላይ በሌላ ጥናት ሲሞከር ከ9 ሕሙማን በ3ቱ ላይ ጉዳቱ ስለተፋጠነ ተቋርጧል። ስለሆነም ማንም ሰው ይህን አንብቦ መድኃኒቱን ከፋርማሲ ገዝቶ በራሱ ፈቃድ እንዳይወስድ አደራ እንላለን።

በእኛ አገር ሲታይ

መልቲፕል ስክለሮሲስ ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ይበዛል። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የፀሐይ ብርሃንና ከእርሱ የሚገኘው ቫይታሚን ዲ ነው። የመንዝ ደጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ያውም ከፍ ባለ ቦታ ስለሚገኝ ፀሐይ አያጣም። ሌላው ምክንያት ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ሰፊ ጥናት በዚህ ቫይረስ መያዝ ለሕመሙ የመጋለጥን ዕድል 32 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ይሁንና ቫይረሱ አብዛኛውን የዓለም ሕዝብ ስለሚይዝ ብቻውን ሕመሙን አያመጣም።

እንግዲህ ሕመሙ በእኛ ዘንድ የሚያንስ ቢሆንም፣ ያነሰ ነገርና ያልታየ ነገር አንድ አይደሉም። ፈር ቀዳጁ የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ በመስቃንና ማረቆ 60,820 ሕዝብ ባለበት አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው የነርቭ ሕመሞችን መዝግበዋል። ይህ ሥራ የሚያስተምረው፣ በገጠር ያለ የነርቭ ሕመም የሚታወቀው የሚፈልገው ሰው ሲኖር መሆኑን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

በመሐል ሜዳ አቅራቢያ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት በምሳሌነት እናስብ። አንድ ዓይኗ ይደበዝዛል፤ ከሳምንታት በኋላ ይሻላታል። ምች ነበር፣ ለቀቃት ይባላል። ከዓመት በኋላ እግሯ ይዝላል፤ አሁንም ጋብ ይላል። በሦስተኛው ጊዜ ግን ድካሙ አይለቃትም። ሁለቱ ጊዜያት ሰውነቷ ልባሱን የጠገነባቸው፣ ሕክምናም ሊረዳት ይችል የነበረባቸው ጊዜያት ነበሩ። በመሻሏ ምክንያት ወደ ሐኪም ሳትሄድ ቀርታ ዕድሉ አመለጣት።

ምስሉ የሚያስፈልገው ሕመሙን ለማወቅ ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ለመለየትም ነው። ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የተባለው ተመሳሳይ ሕመም በኅብለ ሰረሰር ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ አከርካሪዎችን የሚያካልል ረጅም ቁስለት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2004 በተገኘው የደም ምርመራም ሊለይ ይችላል። ይህን መለየት የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ይህን ሕመም ያባብሱታልና። የአከርካሪ ቲቢና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እግርን ያዝላሉ፤ ሁለቱም ሕክምና አላቸው። ጓያ አብዝቶ በመመገብ የሚመጣው የእግር ሽባነት ደግሞ ከማይሊን ጥቃት የተለየ ሲሆን፣ እይታን አያጠፋም።

ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የምናስተላልፈው መልእክት አጭር ነው። አንድ ወጣት ከአንድ ቀን በላይ የቆየ የእይታ መደብዘዝ፣ መደንዘዝ ወይም የእግር መዛል ካለው፣ ቢሻለውም እንኳ ቀኑንና ምልክቱን መዝግቦ መያዝ ይገባል። በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታልም ሆነ በደብረ ብርሃን ያለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሕመምተኛውን ሲቀበሉ፣ ይህ ጽሑፍ ለነርቭ ሐኪሙ ከማንኛውም ምስል በፊት የሚያስፈልግ ማስረጃ ነው።

ማጠቃለያ

የነርቭ ልባስ ይገፈፋል፣ ይጠገናልም። የተለመደው ምስል ቁስለቱን ያሳያል፤ የማይሊን ውኃ፣ የማግኔት ዝውውርና ፔት ልባሱን ራሱን ወደ ማየት ያቀርቡናል፤ የእይታ መልእክት ልኬት ደግሞ የጥገናውን ፍሬ በሚሊሰከንድ ይነግረናል። የትኛውም መሣሪያ ግን የሞተን ክር ማልበስ አይችልም። የተቀደደ በርኖስ ዛሬ ባይጣፍ ነገ ይጣፋል፤ የነርቭ ልባስ ግን የሚጠብቀው ጊዜ አለው። ስለዚህ በደጋው ላለ ሕመምተኛ ከምስሉ የሚቀድመው እርምጃ፣ ሕመሙ ጋብ ባለበት ወቅት ሳይዘናጋ ለሐኪም መታየት ነው።